አንሪ ዳርሲ፦ ከተማቸውን ውሃ ያጠጡት መሐንዲስና መለኪያቸው

ጉድጓድ ለማስቆፈር ወይም ምንጭ ለማጎልበት ጥያቄ ያቀረቡ ባለጉዳዮች፣ ባለሙያዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት መለኪያ ይዘው ወደ ስፍራው ደጋግመው የሚመላለሱት ስለ ምን እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ። የጥያቄው አንዱ መልስ ከዚህ በታች በአጭሩ በቀረበው የፈረንሳዊው መሐንዲስ የአንሪ ዳርሲ ሕይወት ውስጥ ይገኛል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርሲ በ1803 በምሥራቃዊ ፈረንሳይ በዲጆን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሆኖም እናታቸው ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ተግተው አሳደጓቸው። በፓሪስ በፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በመንገድና ድልድይ ትምህርት ቤት ተምረው በመንግሥት መሐንዲስነት ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ።

በዚያን ዘመን የዲጆን ሕዝብ የሚጠጣው ንጽሕና የጎደለውን የጉድጓድ ውሃ ነበር። ከተማይቱ ከችግሩ ለመውጣት 150 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ብታስቆፍርም፣ የተገኘው ውሃ ለነዋሪው የሚበቃ አልሆነም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ እንዲህ ከቀረ በኋላ ሌላ ዕቅድ ይዞ ወደ ሹማምንቱ መቅረብ ቀላል አልነበረም። ዳርሲ ግን ሮዝዋር የተባለውን ምንጭ ፍሰት ለክተው፣ የመሬቱንም አቀማመጥ አጥንተው በ1834 ዕቅዳቸውን አቀረቡ። ውሃው 12.7 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የተሸፈነ ቦይ፣ ያለ አንዳች መሳቢያ፣ በከፍታ ልዩነት ብቻ እየወረደ በመስከረም 1840 ዲጆን ገባ፤ በየመንገዱም በተተከሉ ቦኖዎች ለሕዝቡ ተዳረሰ። ዳርሲ ለድካማቸው የቀረበላቸውን ገንዘብ አልተቀበሉም።

በ1848 በተነሣው የፖለቲካ ለውጥ ምክንያት ዲጆንን ለቀው ወደ ፓሪስ ተዛወሩ፤ በዚያም የውሃና የመንገድ ሥራ ኃላፊ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ አዳዲስና ያረጁ ቧንቧዎችን እያነጻጸሩ፣ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ሻካራነት ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቀንስ አሳዩ።

ስለ መስክ መሣሪያ ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን በፒቶ ቱቦ ላይ ያደረጉት ማሻሻል ነው። አንሪ ፒቶ በ1732 የወንዝ ውሃን ፍጥነት ለመለካት ያቀረቡት መሣሪያ፣ ጫፉ ታጥፎ ከውሃው መምጫ ፊት ለፊት የሚቆም ቱቦ ነበር። ውሃው በፈጠነ መጠን በቱቦው ውስጥ ከፍ ይላል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ በወንዝ ዳር ግን አስቸጋሪ ነበር። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚጓዝ ውሃ በቱቦው ውስጥ ከፍ የሚለው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ወደ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህችም ትንሽ ልዩነት የምትነበበው ከወንዙ ፊት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ያለ ዕረፍት በሚዋዥቅ ውሃ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው በጀልባ ላይ ተጎንብሶ በግምት ከመጻፍ የተሻለ ምርጫ አልነበረውም።

ዳርሲ መሣሪያውን አልጣሉትም። ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብበው መዋዠቁን አበረዱ። የወንዙን የራሱን ግፊት የሚያሳይ ሁለተኛ ቱቦ ከጎኑ አቆሙ። በላዩ በኩል አየሩን ጥቂት በመሳብ ሁለቱም የውሃ ዓምዶች ለዓይን ወደሚመች ከፍታ እንዲወጡ አደረጉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዚህ አይለወጥም። በመጨረሻም ቱቦዎቹን ባሉበት የሚዘጋ ቁልፍ ጨመሩ፤ ስለዚህ ለኪው መሣሪያውን ከውሃ አውጥቶ ተረጋግቶ ማንበብ ቻለ። ለብቻው ሲታይ እያንዳንዱ ለውጥ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰብ አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ ቆሞ የተቸገረ ሰው ብቻ የሚደርስበት ነው። መሣሪያውም እንዲሁ አልታመነም፤ በረጋ ውሃ ላይ በጀልባ እየተጎተተና በሌሎች የመለኪያ ዘዴዎች እየተነጻጸረ ተፈተነ።

ጤናቸው ሲታወክ ወደ ዲጆን ተመለሱ። በ1855 መገባደጃና በ1856 መባቻ በከተማይቱ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ 2.5 ሜትር ከፍታና 35 ሴንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ዓምድ በአሸዋ እየተሞላ ውሃ ተለቀቀበት፤ ከላይና ከታች ያለውም ግፊት በሜርኩሪ መለኪያ ተነበበ። በሆስፒታሉ ቧንቧዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ሜርኩሪው ይዋዥቅ ነበር፤ ዳርሲም ይህን እንከን ሳይሸሽጉ መዘገቡ። ኋላ በተደረገው ሙከራ በመውጫውም በኩል ያለው ግፊት እንዲለዋወጥ ተደረገ፤ ውጤቱ ግን ያው ሆነ፦ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ በግፊቱ ልዩነት መጠን ይበዛል፣ በአሸዋው ውፍረት መጠን ያንሳል። የዳርሲ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ሀገራችንን ጨምሮ የከርሰ ምድር ውሃ በሚጠናበት ስፍራ ሁሉ፣ አንድ ጉድጓድ ስንት ሊትር ሊሰጥ እንደሚችል ሲሰላ መነሻ ይሆናል። ደራሲው ግን በ1856 ስለ ዲጆን የሕዝብ ቦኖዎች ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ከአባሪ ማስታወሻዎች መካከል ነው ያኖሩት።

ዳርሲ በጥር 1858 በፓሪስ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በዲጆን ተቀበረ። የወንዝና የቦይ ጥናታቸውን ረዳታቸው አንሪ ባዚን ፈጽመው በ1865 አሳተሙት። ከምንጩ የወረደው ውሃ ይጠራቀምበት የነበረው ስፍራ ዛሬ የዳርሲ አደባባይ ተብሎ ይጠራል።