ሚካኤል ቶኔትና ባለስድስት ቁራጩ ወንበር

የምርት ንድፍ ባለሙያ ዘወትር በሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች መካከል ይገኛል። ፋብሪካው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛትና በአነስተኛ ወጪ ለመሥራት ይሻል፤ ገዢው ደግሞ ለቤቱና ለኪሱ የሚስማማውን መርጦ ለመውሰድ ይፈልጋል። ለዚህ ችግር ዛሬ የሚሰጠው መልስ ሞጁላር ንድፍ ይባላል፤ ይኸውም ጥቂት የጋራ ክፍሎችን እያፈራረቁ በማጋጠም ብዙ ዓይነት ምርት ማውጣት ነው። ስያሜው ከመለመዱ እጅግ ቀደም ብሎ ግን አንድ አናጢ በሥራው ደርሶበት ነበር። የሚካኤል ቶኔትን ሕይወት ለሙያ ባልደረቦቼ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቶኔት በ1796 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦፓርድ ከተማ ተወለደ። የአናጢነት ሙያ ተምሮ በ1819 የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ቆልማማ የወንበር እግር የሚወጣው ወፍራም እንጨት በመጥረብ ስለ ነበር እንጨቱ ይባክናል፤ ቃጫውም ስለሚቆረጥ እግሩ በቀላሉ ይሰበራል። ቶኔት በ1830ዎቹ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በትኩስ ኮላ እየነከረና በፎርማ እያጠፈ ወንበር መሥራት ጀመረ። ዕቃው ቀላልና ጠንካራ ሆነ።

በ1841 በኮብሌንዝ ኤግዚቢሽን ሥራውን ያየው የኦስትሪያው መስፍን ሜተርኒክ ወደ ቪየና እንዲመጣ ጋበዘው። በ1842 በኦስትሪያ የፈጠራ መብት ቢያገኝም፥ ለሙከራው የተበደረውን ገንዘብ መክፈል ስላልቻለ አበዳሪዎች በቦፓርድ የነበረውን ንብረቱን ወሰዱበት። በ46 ዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ በባዕድ ከተማ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ መሥራት ግድ ሆነበት። እንደገና የራሱን የሥራ ቤት ለማቋቋም የበቃው በ1849 ነው። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1853ም ድርጅቱን በአምስቱ ወንዶች ልጆቹ ስም አደረገው።

ይሁን እንጂ ዝናን ያስገኘለት ኮላ ዋና ድክመቱም ነበር። በመርከብ ወደ ሞቃትና እርጥበታማ አገሮች የተላከ ዕቃ ኮላው እየለቀቀ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ቶኔት ንጣፉን ትቶ ወፍራሙን እንጨት ራሱን ለማጠፍ ተነሣ። ችግሩ ግልጽ ነው፦ በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት በብዙ ይጨመቃል፥ ሲለጠጥ ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። መፍትሔው በሚታጠፈው ዘንግ ውጫዊ ጎን ላይ የብረት ላሜራ ወጥሮ ጫፍና ጫፉን ማሰር ሆነ። ልጠጣውን ብረቱ ይሸከማል፤ እንጨቱ ከሞላ ጎደል በጭመቃ ብቻ ይታጠፋል። ለዚህ ዘዴ በ1856 የፈጠራ መብት ተሰጠ፤ ቢች የሚባለው ዛፍ በሚበዛበት በሞራቪያ፥ በኮሪቻኒ፥ ፋብሪካ ተቋቋመ።

ኮላው ሲቀር ወንበሩ በቪቴ የሚገጠምና የሚፈታ ሆነ። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ማጠንጠኛ ይህ ነው። በ1859 የወጣው ቁጥር 14 ወንበር ንድፉ ከተጣራ በኋላ 6 የእንጨት ክፍሎች፥ 10 ቪቴዎችና 2 ዳዶዎች ብቻ ነበሩት። ተፈትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር። የኋላ እግሮቹና የመደገፊያው ቅስት አንድ ወጥ ዘንግ ናቸው፤ በቅስቱ ውስጥ የሚገባው ጌጥ ሲለወጥ ግን ሌላ ቁጥር ያለው ወንበር ይሆናል። ባለክንድ ወንበሩና ረጅሙ መቀመጫም ከዚሁ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ገዢው ከካታሎግ ቁጥር ይመርጣል፤ ፋብሪካው ግን ፎርማዎቹንና የሥራ ስልቱን ከመሠረቱ አይቀይርም።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። ቶኔት ራሱ ወንበርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅ አናጢ ነበር፤ በፋብሪካዎቹ ግን አንዱ ያጥፋል፥ ሌላው ያለሰልሳል፥ የመንደር ሴቶች መቀመጫውን ይጠልፋሉ፤ ሙሉውን ወንበር የሚያውቅ እጅ የለም። ሥራን የከፋፈለ ንድፍ የሠራተኛውንም ሙያ እንደሚከፋፍል መሐንዲስ ሊዘነጋው አይገባም።

በ1867 የፓሪስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። በ1869 የፈጠራ መብቱ ሲያበቃ ብዙ ተፎካካሪዎች ብቅ አሉ፤ ቶኔትም በ1871 በቪየና አረፈ። እስከ 1930 ድረስ ግን ቁጥር 14 ወደ 50 ሚሊዮን ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል።

ቶኔት ብዙ ዓይነት ዕቃ ለመፍጠር አስቦ አልጀመረም፤ የጀመረው የሚፈርሰውን መጋጠሚያ ለማስወገድ ነው። መጋጠሚያው ሲጸና ክፍሎቹ ተለዋወጡ፤ ክፍሎቹ ሲለዋወጡ ዓይነቱ በዛ። እኛም በንድፍ ጠረጴዛችን ላይ ስለ ምርቱ ብዛትና ስለ መልኩ ከመከራከራችን በፊት ክፍል ከክፍል የሚገናኝበትን ቦታ አስቀድመን ብንወስን፥ የቀረው ሥራ ግማሹ ይቀልልናል።