ሐረር ያስጠጋችው፣ ባሕር ያገነነው ሰው

ፈረንሳዮች ስለ ጀብደኛ ማውራት ሲጀምሩ አንሪ ደ ሞንፍሬድን ሳያነሱ አይውሉም። መጽሐፎቹን እያነበበ፣ በመጽሐፎቹ ላይ ተመሥርተው የተሠሩትን ፊልምና የቴሌቪዥን ተከታታይ እያየ ያደገው ብዙ ነው። የቲንቲን ካርቱን ወዳጆችም ስሙን ሳያውቁት አግኝተውታል። የፈርዖን ሲጋራዎች በተሰኘው ታሪክ ቲንቲንን ቀይ ባሕር ላይ የሚያነሳው የመሣሪያ ኮንትሮባንዲስት የተቀዳው ከዚሁ ሰው ነው። ዝናው በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ብቻውን። ብቻውን ባሕር የገባ፣ ብቻውን መንግሥታትን የሸወደ እየተባለ ተወርቶለታል። የሚገርመው ግን የባሕሩ ጀግና መነሻው ባሕር አይደለም። ከሐረርና ከድሬዳዋ የቡና ንግድ ነው የተነሳው።

ሞንፍሬድ በ1879 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በደቡብ ፈረንሳይ ሉካት ተወለደ። አባቱ ሠዓሊና የስመ ጥሩው ፖል ጎጋን የቅርብ ወዳጅ ነበር። ልጁ ግን በአገሩ የሞከረው ሥራ ሁሉ አልሆን አለው። ሠላሳዎቹን ከጀመረ በኋላ በ1911 ጓዙን ሸክፎ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ድሬዳዋ ወጥቶ ከቡናና ከቆዳ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ።

ያኔ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም። የሐረር ቡና በጭነት ከብት ቁልቁል ድሬዳዋ ይወርድና ከዚያ በሐዲድ ወደ ወደብ ይሄዳል። በጀጎል በሮች የሚገባና የሚወጣው ነጋዴ አደሬ ነው፣ ኦሮሞ ነው፣ ሶማሌ ነው፣ የመን ነው፣ አርመን ነው፣ ግሪክ ነው። የሐረር ገዥ ደግሞ የ19 ዓመቱ ወጣት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ነበሩ። እኒህን ሰው ልብ ይሏል፤ ኋላ ይመለሳሉ።

አጅሬ ሚዛን ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መቁጠሩን አልወደደውም። ከሌሎቹ ፈረንጆች ተለይቶ ከአፋሩና ከሶማሌው ጋር ይውል ጀመር። ዐረብኛ ተማረ፣ ሽርጥ አገለደመ፣ ሰልሞም አብድ አልሐይ ተባለ። የጅቡቲ ፈረንሳዮች ፊታቸውን አዞሩበት። እሱ ግን ሥራውን ትቶ ጀልባ ገዛና ባሕሩን ተያያዘው። አንደኛው ሥራው የጦር መሣሪያ ማሻገር፣ ሁለተኛው የሉል ንግድ ነበር።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሉል ከባሕር ወለል የሚለቀመው በሰው ትንፋሽ ነው። በዚያ ዘመን በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የሚሠራው ጠላቂ የአየር ሲሊንደር የለው፣ የፕላስቲክ ክንፍ የለው። ሳንባውን በአየር ሞልቶ ይወርዳል፣ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ዛጎል ይለቅማል፣ ይወጣል። አሥር ሜትር ሲወርድ በላዩ ያለው ግፊት በእጥፍ ያድጋል፤ በሳንባው የያዘው አየርም በግማሽ ይጨመቃል። ይህን በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ይደጋግመዋል። ጆሮው ይደማል፣ ዓይኑ ይቃጠላል። ከአብዛኛው ዛጎል ምንም አይገኝም። የሉል ማጥመጃው ወቅት ከመጀመሩ በፊት ከጀልባው አለቃ ብድር ወስዷልና ወቅቱ ሲያልቅ ያገኘው ለዕዳው ይሄዳል። ያልተከፈለው ለከርሞ ይሻገራል፤ እሱም አብሮ ይሻገራል።

ኳስ ተመልካች ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጎል ያገባው ስሙ ይጨፈርበታል፤ መሀል ሜዳ ላይ ቀምቶ፣ ለፍቶ ያቀበለውን ከነመለያ ቁጥሩ የሚያስታውስ ግን ስንቱ ነው? የሞንፍሬድም ዝና እንዲሁ ነው። ሸራውን የወጠሩት፣ ኮከብ አይተው መንገድ የመሩት፣ ሰው ወደማይደርስበት ጥልቀት የወረዱት ሌሎች ናቸው። ሽፋኑ ላይ የወጣው ስም አንድ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ግድም ፈረንሳዮቹ በመሣሪያ ንግድ ጅቡቲ እስር ቤት አስገቡት። ከተፈታ በኋላ ባሰበት። ከግሪክ ሐሺሽ ገዝቶ ግብፅ ድረስ አሻገረ። ኦቦክ ላይ ቤት ሠርቶ ከጀርመናዊት ሚስቱ ከአርምጋርት ጋር ኖረ፤ አልታይር የተባለችውን ትልቅ ጀልባውንም እዚያው አሠራ። ገንዘቡን ግን ወደ ደጋው አመጣው። ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቋመ፣ በሐረር አቅራቢያ ቤት ያዘ። የቆላው ሙቀት ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ሐረር አየር ይሸሻል። ታዋቂው ፈረንሳዊ ቄስና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርዳን እንግዳው ሆኖ ከርሟል። ዛሬ የጥንት ሰው ታሪክ አጥኚዎች የሚመላለሱበትን የድሬዳዋውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለዓለም ያስተዋወቁትም ሁለቱ ናቸው።

በ1930 ጋዜጠኛው ጆሴፍ ኬሰል ስለ ባሪያ ንግድ ሊዘግብ ወደ አካባቢው መጥቶ አገኘው፤ ታሪክህን ጻፍ ብሎም ወተወተው። የቀይ ባሕር ምሥጢሮች በ1931 ታተመ። ሰውየው በሃምሳዎቹ ዕድሜው ባንድ ጊዜ ስመ ጥር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አሥር መጻሕፍት ጽፏል። በዚያው ዓመታት ጃፓኖች በእርባታ ያመረቱት ርካሽ ሉል ገበያውን አጥለቀለቀው። የጠላቂዎቹ እንጀራ ተሰበረ፤ የሱ መጽሐፍ ግን ይሸጥ ነበር።

አሁን እኒያ የሐረር ወጣት ገዥ ይመለሳሉ። ደጃዝማች ተፈሪ ውኃ ምን እንደሆነ በአካል ያውቃሉ። በ1915 ከሐረር ብዙም በማይርቀው የሐረማያ ሐይቅ ጀልባቸው ሰጥሞ ለጥቂት ተርፈዋል፤ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን እሳቸውን ለማዳን ሲሉ ሰጥመው ቀሩ። በ1933 እኚሁ ሰው፣ አሁን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው፣ ሞንፍሬድን ከኢትዮጵያ አስወጡት።

የሰውየው እውነተኛ ማንነት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ሞንፍሬድ ብዕሩን ለወራሪው አዋሰ። ከጣሊያን ጦር ጋር ሆኖ ለፈረንሳይ አንባቢ ጻፈ። በመጋቢት 1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ አነደዷት። ከሃያ ዓመት በላይ ያስጠጋችው፣ ልጆቹን ከሙቀት ያስጠለለችው ከተማ ስትቃጠል እሱ ከአቃጣዮቹ ወገን ነበር። ጣሊያኖች ሲያሸንፉ ተመልሶ እዚሁ ኖረ። ሲሸነፉ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት። ለባሕር ደፋር የነበረ ሰው ለውለታ ፈሪ ሆነ።

እሱ ኬንያ ሳለ፣ በሰኔ 1943፣ በአገሩ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ባንዶል ላይ ሌላ ፈረንሳዊ ታሪክ ሠራ። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶ ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር የሠራውን አኳ ላንግ ጀርባው ላይ አዝሎ ውኃ ገባ። መሣሪያው ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ግፊት ልክ አየር እየመጠነ ያቀብላል። ትንፋሽ መቋጠር ቀረ፤ የዛሬው ስኩባ ከዚያ ተወለደ። ኩስቶ የወረደው ብቻውን ነበር፤ ግን ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ ሲሞን ላይ ላዩን እየዋኘች በመነጽር ትከታተለዋለች። ጓደኛው ፍሬደሪክ ዱማ ችግር ከመጣ ሊዘል ዳርቻው ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ዛሬም ስኩባ የሚያስተምር ለጀማሪ ከሚነግራቸው መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ያለ ጓደኛ አትውረድ።

ሞንፍሬድ በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ኢንግራንድ በምትባል የገጠር ከተማ ተቀመጠ። በ95 ዓመቱ ታኅሣሥ 1974 አረፈ። ያባረሩት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ከወረዱ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር።

ድፍረቱን ማንም አይነሳውም። ግን ብቻውን አልወረደም። ሐረር ደጇን ባትከፍትለት፣ የአፋርና የሶማሌ መርከበኞች ባያሻግሩት፣ የዳህላክ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ባያውሱት ኖሮ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ቡና ሲመዝን ያረጀ ጸሐፊ ሆኖ በቀረ። ኩስቶ ከውኃ ሲወጣ ዳርቻ የቆመለትን ጓደኛውን በስም ጠርቶ ለዓለም አስተዋወቀ። ሞንፍሬድን ያቆሙት ጠላቂዎች ግን እስከዛሬ ስማቸውን የሚጠራ የለም።