የብረት ቀጥቃጩ ልጅ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ የማቀርበው እኔ ነኝ። የመረጥኩት ሰው ሶይቺሮ ሆንዳ ይባላል። ሆንዳ የሚለውን ጽሑፍ ሞተር ሳይክል ወይም መኪና ላይ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ስሙ የፋብሪካ ከመሆኑ በፊት ግን የአንድ የገጠር ልጅ ስም ነበር።

ሶይቺሮ እ.ኤ.አ. በ1906 በጃፓን፣ ሃማማትሱ ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ብስክሌትም ይጠግኑ ነበር። እናቱ ደግሞ ሸማኔ ነበሩ። በአገራችን ድሮ ቀጥቃጭና ሸማኔ ይናቁ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ልጅ የሁለቱም ሙያ ልጅ ነው።

አንድ ቀን በመንደራቸው መኪና አለፈ። ሶይቺሮ መኪና ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ከኋላው ተከትሎ ሮጠ። መኪናው ሲቆም መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ሁሉ መኪና ሆነ።

በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ ቶኪዮ ሄዶ አርት ሾካይ የሚባል ጋራዥ ገባ። ታዲያ መፍቻ የሚሰጠው መስሎት ሲጠብቅ የተሰጠው ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የባለቤቱን ሕፃን መጠበቅ! ለወራት ሕፃን እያባበለ፣ በዓይኑ ግን የመካኒኮቹን እጅ ይከታተል ነበር። በኋላ ሥራ ሲበዛ ተጠራና ከመኪናው ሥር ገባ።

የጋራዡ ባለቤት የውድድር መኪና ለመሥራት ሲነሱ ሶይቺሮም አብሮ ሠራ። ሞተሩ ከርቲስ ከሚባል የአሜሪካ አውሮፕላን የተወሰደ አሮጌ ሞተር ነበር። እሱን የሌላ መኪና ሻንሲ ላይ ገጠሙት። ጎማውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዙትን እንጨቶች ሶይቺሮ በእጁ ጠረባቸው። በ1924 መኪናው ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ያኔ ሞተሩን የሚከታተል መካኒክ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥ ነበር፤ የተቀመጠው ሶይቺሮ ነው። ገና 18 ዓመቱ ነበር! መኪናው ዛሬም ሞተጊ በሚገኘው የሆንዳ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሶይቺሮ ካደገ በኋላ የፒስተን ፋሻ መሥራት ጀመረ። ፋሻ ማለት ፒስተኑን እንደ ቀለበት ከቦ ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚያደርግ ብረት ነው። ቢሠራ ቢሠራ አልሆነለትም። ለአዋቂ ሲያሳየው ብረቱ ውስጥ ሲሊከን ማነሱ ተነገረው። እጁ ጎበዝ ነው፤ የብረቱን ጠባይ ግን አያውቅም ነበር። ስለዚህ 30 ዓመት የሞላው ሰውዬ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማረ። ፈተና ስላልወሰደ ዲፕሎማ አላገኘም፤ የፈለገውን እውቀት ግን ይዞ ወጣ። ያም ሆኖ ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ፋሻዎች መጀመሪያ ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። እሱ ግን አልተወም፤ እያሻሻለ ቀጠለ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ የወታደር ሬዲዮ መብራት የሚያመነጩ ትንንሽ ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ። በ1948 ሆንዳ ኩባንያን አቋቋመ። ኩባንያው በ1963 የራሱን መኪና ለገበያ አወጣ። ሶይቺሮ በ1991 በ84 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ትምህርት ካልሆነልን ጋራዥ እንደምንገባ እየተነገረን ነው ያደግነው። ጋራዥ የሰነፍ መጣያ ይመስለናል። የሶይቺሮ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ጋራዡ ጥያቄ ሰጠው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ መልስ። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

በየሰፈራችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሚሠሩ ልጆች አሉ። እስቲ መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ሳይንስ ክበብ ኑ። መሪው ሲዞር ጎማው ለምን ይዞራል? ዳገት ላይ ለምን ይከብደዋል? መምህሮቻችንን እንጠይቅ። መምህራን ሆይ፣ እናንተም እጃችን ቢቆሽሽ አትቆጡን!

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።