ዶሮቲ ሆጅኪንና የኢንሱሊን ቅርጽ

የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ምን መልክ እንዳለው ለማወቅ አንዲት እንግሊዛዊት ኬሚስት 35 ዓመት ፈጅቶባታል። ዶሮቲ ሆጅኪን ትባላለች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1910 ካይሮ ተወለደች። አባቷ በጎረቤታችን በሱዳን የትምህርት ሥራ ኃላፊ ነበር። በልጅነቷ ወላጆቿን ልትጠይቅ ካርቱም ስትሄድ አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነ ኬሚስት የማዕድን መመርመሪያ ሣጥን ሰጣት። እንግሊዝ አገር በተማረችበት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የወንዶች ትምህርት ነበር፤ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ግን ከወንዶቹ ጋር እንዲማሩ ተፈቀደላቸው። መቼም የፈቀዱት መምህራን ምን እንደሠሩ ያን ጊዜ አላወቁ ይሆናል።

በ1934 ኦክስፎርድ ሳለች ሮበርት ሮቢንሰን የተባለው ኬሚስት ጥቂት የኢንሱሊን ክሪስታል ሰጣት። በኤክስሬይ ፎቶግራፍ ስታነሣው ፊልሙ ላይ ነጠብጣቦች ወጡ። ያን ሌሊት ከደስታዋ ብዛት በከተማው መንገድ ስትዞር አመሸች። በዚያው ዓመት የመገጣጠሚያ ሕመም ጀመራት፤ ጣቶቿም እያደር ተጣመሙ።

ነጠብጣብ ግን ቅርጽ አይደለም። ድምቀቱ ይለካል፤ የጨረሩ ሞገድ ከፍ ብሎ ይድረስ ዝቅ ብሎ ግን ፊልሙ አይናገርም። ያ ካልታወቀ አተሞቹ የት እንዳሉ ማስላት አይቻልም። ቢታወቅም ድምሩ መከራ ነው፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ለእያንዳንዷ ነጥብ እንደገና ይደመራሉ። መጀመሪያ ቁጥር በታተመባቸው የካርቶን ቁራጮች ትደምር ነበር። ለፔኒሲሊን ካርድ የሚበሱ የሂሳብ መኪናዎች አገዟት፤ በ1945 ተሳካ። ቫይታሚን ቢ12ን ደግሞ ሎስ አንጀለስ ኮምፒዩተር የነበረው ኬኔት ትሩብለድ እያሰላላት በ1956 ፈታችው። በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ኢንሱሊን ግን እንቢ አለ። ፍሬድሪክ ሳንገር 51 አሚኖ አሲዶቹ በ21 እና በ30 ሰንሰለት እንዴት እንደተደረደሩ በ1950ዎቹ አውቋል። ተራው ቢታወቅም አጣጠፉ አይታወቅም። የዶሮቲ ቡድን የአሳማ ኢንሱሊን ክሪስታል ውስጥ ከባድ አተሞች እያስገባ የነጠብጣቦቹን ለውጥ ለካ፤ የጠፋው የሞገድ ነገር የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ኮምፒዩተር ያወጣውን ቁጥር፣ በጂኦግራፊ ካርታ ላይ እንደምናውቀው የከፍታ መስመር፣ ብርሃን በሚያሳልፉ ሉሆች ላይ ሥለው ደራረቡት። በ1969 ስድስት የኢንሱሊን ሞለኪውሎች በሁለት የዚንክ አተሞች ዙሪያ ተሰብስበው ታዩ።

ዶሮቲ 59 ዓመቷ ነበር። አልተወችውም፤ በ1988 ከባልደረቦቿ ጋር ይበልጥ የጠራ ውጤት አሳተመች። በ1994 አረፈች።