ማሽንን መራመድ ያስተማሩት ኢቺሮ ካቶ

ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ እህል ተሸክሞ በክረምት ጭቃ የሚጓዝ አርሶ አደር ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ አያስብም፤ እግሩ ያውቀዋል። ይህንን የእግር ዕውቀት ለማሽን ለማስተማር ዕድሜያቸውን የሰጡት ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ኢቺሮ ካቶ ናቸው።

ካቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወለዱ። በቶኪዮ በሚገኘው ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው አስተማሩ። በ1973 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠናቀቁት ዋቦት-1፣ ሙሉ የሰው ቁመና ኖሮት በሁለት እግሩ የሄደ የመጀመሪያው ሮቦት ሆኖ ተመዝግቧል። ዕቃ ይጨብጥ፣ በጃፓንኛም ይነጋገር ነበር። አንዲት እርምጃ ግን 45 ሰከንድ ትፈጅበት ነበር! የሰውነቱን ክብደት በአንድ እግሩ ላይ አሳርፎ ካልተረጋጋ ሌላውን ማንሳት አይችልም፤ ድንጋይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ማለት ነው።

ሰው ሲራመድ እንዲህ አያደርግም። በየእርምጃው ወደፊት መውደቅ ይጀምራል፤ ሌላው እግሩም ይደርስለታል። ካቶና ተማሪዎቻቸው ይህንኑ አወዳደቅ ለማሽን እስኪያስተምሩ 11 ዓመት ወሰደባቸው። በ1984 የሠሩት ባለ ሁለት እግር ማሽን አንዱን እርምጃ በ1.3 ሰከንድ ተራመደ።

ድካማቸው ለሮቦት ብቻ አልነበረም። እጅና እግራቸውን ላጡ ሰዎች የሚሆን ሰው ሠራሽ አካልም ሠርተዋል፤ ከዝናቸው ሁሉ ይልቅ ሊታወስላቸው የሚገባው ምናልባት ይኸኛው ነው።

ካቶ በ1994 አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሆንዳ ኩባንያ ባትሪውን በጀርባው ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሮቦት ለሕዝብ አሳየ።