ሃይንሪሽ አንበሳው፦ ሁለት ግዛት ያጣ የጀርመን መስፍን

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ መስቀል ጦረኞች ስንማር እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ሰው ሕይወት እንዲጽፍ ተጠየቀ። እኔ የመረጥኩት ሃይንሪሽ አንበሳው የሚባለውን የጀርመን መስፍን ነው። በ1172 ዓ.ም. በዓኮ ወደብ ወርዶ ኢየሩሳሌም ድረስ መጥቶ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይንሪሽ የተወለደው በ1130 ገደማ ነው። የእናቱ አባት ንጉሠ ነገሥት ሎታር ነበር። አባቱ በ1139 ሲሞት ልጁ ገና አሥር ዓመት ያህሉ ነበር፤ የአባቱም ግዛት ተወስዶበት ነበር። በ1142 ሳክሶኒ የተባለውን ግዛት፣ በ1156 ደግሞ ባቫሪያን መለሱለት። ባቫሪያን የመለሰለት የአክስቱ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ነው። ባርባሮሳ ማለት ቀይ ጺም ማለት ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ለሃያ ዓመት ያህል ተደጋግፈው ኖሩ።

ሃይንሪሽ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነበር። በኢዛር ወንዝ ላይ የጨው ነጋዴዎች የሚሻገሩበት ድልድይ ነበረ፤ ቀረጡን የሚወስደው ግን የፍራይዚንግ ጳጳስ ነበር። ሃይንሪሽ ያንን ድልድይ አጠፋና በራሱ መሬት ላይ ሌላ ድልድይና ገበያ አቋቋመ። ጳጳሱ ከሰሰ። በ1158 ንጉሠ ነገሥቱ ገበያው ባለበት እንዲቆይ፣ ከገቢው አንድ ሦስተኛው ለጳጳሱ እንዲሰጥ ፈረደ። ያ ገበያ ዛሬ ሙኒክ የምንላት ትልቅ ከተማ ነው። የአሞሌ ጨው ዋጋ ለሚያውቁ አባቶች ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

የመጀመሪያ ሚስቱ ክሌሜንሲያ ትባላለች። በ1162 ዘመዳሞች ናችሁ ተብሎ ጋብቻው ፈረሰ። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ከሠርጉ በፊት ነው፤ እነሱ የቆጠሩት ግን አብረው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ዝምድና ሳይሆን ፖለቲካ ይመስለኛል። በ1168 ሃይንሪሽ የእንግሊዝን ንጉሥ ልጅ ማቲልዳን አገባ። እሱ ወደ አርባ ሲጠጋ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዛሬ ቢሆን ስድስተኛ ክፍል ናት።

ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው በዳኑብ ወንዝና በቁስጥንጥንያ በኩል ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበረች። እነሱ በ1099 ሲይዟት አይሁዶችንና እስላሞችን ጨፍጭፈዋል፤ አይሁድ እንዳይኖርባትም ከልክለው ነበር። ሃይንሪሽ የመጣው ግን ለመዋጋት ሳይሆን ለመሳለም ነው። ንጉሥ አማልሪክ በክብር ተቀበለው፤ ሲመለስም የቱርኩ ሱልጣን ቂሊጅ አርስላን በመልካም አስተናገደው።

ችግሩ የመጣው በ1176 ነው። ባርባሮሳ በኢጣሊያ ጦርነት ላይ ሳለ የዘመዱን እርዳታ ለመነ። ጉልበቱ ላይ ወድቆ ለመነው የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። ሃይንሪሽ ግን የጎስላርን የብር ማዕድን ካልሰጠኸኝ አልመጣም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በሌኛኖ ተሸነፈ፤ ነገሩንም አልረሳም። ሌሎች መሳፍንትም ስለ ሃይንሪሽ ስለከሰሱት፣ እሱም ተጠርቶ ችሎት ስላልቀረበ፣ በ1180 ሁለቱም ግዛቶች ተወሰዱበት። በ1181 ኤርፉርት ላይ ንጉሡ እግር ስር ወደቀ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠየቀው ማለት ነው። ይቅርታ አገኘ፤ ግዛቱ ግን አልተመለሰም። የግል ርስቱ ብቻ ቀረለትና ከነቤተሰቡ ወደ አማቱ አገር ተሰደደ።

በ1189 ሁለተኛ ጊዜ ሲሰደድ ማቲልዳ ርስቱን ለመጠበቅ ብራውንሽቫይግ ቀረች፤ በዚያው ክረምት ሳይመለስ ሞተች። ሃይንሪሽ ተመልሶ መጣና ባርዶቪክ የምትባለውን ከተማ አጠፋ። ይህን ሥራውን ማመስገን አልችልም። በ1190 ለሰላም ሲባል ሁለት ልጆቹን በመያዣነት ሰጠ። አንዱ ሎታር በዚያው ዓመት አውግስቡርግ ውስጥ ሞተ። እኔን ከታሪኩ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ የአባቶች ጠብ ዕዳው ለልጅ ተረፈ።

ጠቡን ያበረደችው አንዲት እናት ናት። የባርባሮሳ ወንድም የኮንራድ ሚስት ኢርመንጋርድ፣ ባሏ በሌለበት ልጇን አግነስን ለሃይንሪሽ ታላቅ ልጅ በድብቅ ዳረች። ልጅቷ ለፈረንሳይ ንጉሥ ታስባ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ጋብቻው ሁለቱን ቤተሰቦች በ1194 አስታረቀ።

ሃይንሪሽ በነሐሴ 1195 ብራውንሽቫይግ ውስጥ ሞተ፤ ከማቲልዳ ጎን ተቀበረ። ያሠራው የነሐስ አንበሳ እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ አለ። ልጁ ኦቶ በ1209 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በእንግሊዝ ስደት ላይ ሳሉ ከተወለደው ከትንሹ ልጅ ከዊልያም ዘር ደግሞ ከ1714 ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ወጡ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ቪክቶሪያም ከዚሁ ዘር ናት።