ዳግ ሐመርሾልድና የዐሥራ አንዱ ሠራተኞች ካሣ

በአሰላ የስዊድን ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በ1967 የተጀመረውን፣ ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ነው። እኔም የአርሲ ልጅ ነኝና ስዊድናዊን ከስንዴ ዘርና ከተዳቀለች ላም ለይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ለአንባቢዎቻችን የማወሳው በሕግ እርሻ ላይ ስለ ደከሙት ስዊድናዊ፣ ስለ ዳግ ሐመርሾልድ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሐመርሾልድ በ1905 የንሾፒንግ በተባለች ከተማ ተወልደው በኡፕሳላ አደጉ። አባታቸው የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እርሳቸውም በገንዘብና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች ካገለገሉ በኋላ፣ በሚያዝያ 1953 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ሲሾሙ የጠበቃቸው ግን ሹመት ብቻ ሳይሆን ክስም ነበር። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ትሪግቭ ሊ፣ ስለ ኮሚኒስትነት በአሜሪካ ሸንጎ ተጠይቀው አንመልስም ያሉትን አሜሪካውያን ሠራተኞች ከሥራ አሰናብተው ነበር። ሃያ አንዱ ለድርጅቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ድርጅቱ በአገር ፍርድ ቤት ስለማይከሰስ ሌላ የሚያንኳኩት በር አልነበራቸውም።

ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 1953 ለዐሥራ አንዱ ፈረደላቸው፤ ከእነርሱም አራቱ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዘ። ሐመርሾልድ አራቱን አልመልስም አሉ፤ ደንቡ በምትኩ ካሣ መክፈልን ይፈቅድ ነበርና። ነገር ግን ካሣውን አልሸሹም። ለዐሥራ አንዱ 179,420 ዶላር እንዲፈቀድ ጠቅላላ ጉባዔውን ጠየቁ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፖሊሶች ሠራተኞችን ይመረምሩበት ከነበረው ከድርጅቱ ሕንፃ እንዲወጡ አደረጉ።

ከመዋጮው ትልቁን ድርሻ የምትከፍለው አሜሪካ ግን ገንዘቡ አይከፈልም ብላ ተቃወመች። ነገሩ ወደ ዘ ሄግ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኞቹም በሐምሌ 13 ቀን 1954 በዘጠኝ ድምፅ በሦስት ላይ፣ ጉባዔው ራሱ ያቋቋመው ፍርድ ቤት የወሰነውን ካሣ አልከፍልም ለማለት መብት የለውም አሉ። ካሣው ተከፈለ፤ ይሁን እንጂ ከሠራተኞች ደመወዝ ከሚቀነሰው ሒሳብ በተቋቋመ ልዩ ገንዘብ ነበር።

ሐመርሾልድ በታኅሣሥ 1958 አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ተገኝተዋል። በመስከረም 18 ቀን 1961 ለኮንጎ ሰላም ሲጓዙ ንዶላ አጠገብ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሞቱ። የአደጋው ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ለስማቸው ተሰጠ።

አባቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር። በእኔ አስተያየት አራቱ ሰዎች ሙሉ ፍትሕ አላገኙም፤ ገንዘብ እንጀራን ይተካ እንደሆነ እንጂ የተነጠቀ ወንበርን አይተካም። ሆኖም ሹም ተከሶ ሲረታ ዕዳውን እንዲከፍል በዚያ ጊዜ ተረጋገጠ። ያ ፍርድ ቤት በ2009 በአዲስ ሥርዓት ተተክቷል፤ ዛሬ በአዲስ አበባው ኮሚሽን የሚሠራ ያገራችን ሰው ቢበደል ክሱን ናይሮቢ ለተቀመጡት ዳኞች ያቀርባል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመካከላችን ነገ ቢሮ የሚሰጠው ብዙ ነው። ያን ጊዜ በሕግ አምላክ የሚለን ሠራተኛ ሲመጣ፣ በሩን የምንዘጋ ነን ወይስ ፍርዱን የምንቀበል?